ለድሮን የተገዛችው መብራት

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ወር ላይ ልጄ ቤተሰቡን ይዞ ከሚኒሶታ ጉደር መጣ። የበኩር ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል። እንደ ደረሱ ሻንጣውን ሲፈታ ከካልሲዎቹ መካከል አራት ትንንሽ ዕቃዎች ወለሉ ላይ ወደቁ። እያንዳንዷ የክብሪት ቀፎ ግማሽ ብታክል ነው። አንዷን አንስቼ ስነካካት ድንገት ቦግ አለችብኝ። ለጥቂት ጊዜ ፊት ለፊቴ የቆመውን ልጅ እንኳ በደንብ ማየት አቃተኝ።

«አኮ፣ ወደ ዓይንሽ አታዙሪያት!» አለኝ እየሳቀ። በእኛ ቤት አያት «አኮ» ነው የምትባለው።

«ምንድን ናት እሷ?»

«የድሮኔ መብራት ናት። ድሮኗን እዚያው ትቻት መጣሁ። መብራቶቹ ግን ሻንጣዬ ውስጥ ቀርተው ኖሯል።»

እኔ በነርስነት ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። በሥራ ዘመኔ ስለ ድሮን እንዳውቅ ያስገደደኝ ነገር አልነበረም። ያቺ መብራት ግን በዚያው ሳምንት ለብዙ ዓመት ሳልናገረው የቆየሁትን አንድ ነገር አስታወሰችኝ። እንደኔ ልጅና የልጅ ልጅ ለሚያሳድጉ ሰዎች ይጠቅማል ብዬ ስላሰብሁ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ከአምስት ኪሎ ሜትር የምትታይ

ልጁ በስልኩ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። ቦታው ሐይቅ ዳር ነው፤ መሽቷል። ጨለማው ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ብልጭ ትላለች፣ ትጠፋለች፣ እንደገና ብልጭ ትላለች። ድሮኗ 249 ግራም ትመዝናለች፤ የአምስት እንቁላል ክብደት መሆኑ ነው። ፋብሪካው የገጠመላት መብራት አላት፤ ነገር ግን ደካማ ስለሆነ ከርቀት አያሳያትም። ለዚህ ነው ተጨማሪዋ መብራት ከጀርባዋ ላይ የምትለጠፈው።

አባቱ በትርፍ ሰዓቱ በድሮን ሠርግና የሚሸጡ ቤቶችን ይቀርፃል። በአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን ደንብ መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ እንደ እሱ ለሥራ የሚያበሩ ሰዎች በድንግዝግዝም ሆነ በሌሊት ሲያበሩ፣ ድሮኗ ቢያንስ ከሦስት ማይል ርቀት የምትታይ ብልጭ ድርግም የምትል መብራት ሊኖራት ይገባል። ሦስት ማይል አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም እ.ኤ.አ. ከ2022 አጋማሽ ወዲህ ማታ የምትበር ድሮን አረንጓዴ ብልጭታ ማብራት አለባት። መብራቷ ለድሮኗ መንገድ አታበራላትም። ሥራዋ ዝቅ ብሎ የሚያልፍ ሄሊኮፕተር አብራሪም ሆነ መሬት ላይ የቆመው ባለቤቷ ድሮኗን እንዲያዩአት ማድረግ ነው።

አለጣጠፉንም አስረዳኝ። መብራቷ የድሮኗን ሚዛን በማያዛባ ቦታ ላይ ትሆናለች። የሚሽከረከሩትን ክንፎች መንካት የለባትም፤ የአየር ማስገቢያውንም ሆነ ከሆዷ ሥር ያሉትን ርቀት ለኪ ዓይኖች መሸፈን የለባትም። ከካሜራው ራቅ ማለት አለባት፤ አለበለዚያ ብልጭታዋ ሥዕሉን ታበላሻለች። ክብደቷ አሥር ግራም ገደማ፣ የሁለት ሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ነው። ይህም ቢሆን ዋጋ አለው። በዚያ አገር ለመዝናኛ የምትበር ድሮን ከ250 ግራም በታች ከሆነች አትመዘገብም። 249 ላይ አሥር ሲጨመር ግን 259 ይሆናልና አባቱ ለመብራቷ ሲል ድሮኗን አስመዝግቧታል። ባትሪዋም ከበፊቱ ቶሎ ያልቃል።

«ይህን ያህል ጣጣ ካላት ለምን ትለጥፋታለህ?» አልኩት።

«አባዬ ያለ መብራት ማታ አያስወጣኝማ» አለኝ።

ይህችን መልስ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ድሮኗ ለምን ቀረች

ድሮን ወደ አገራችን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር (ኢመደአ) ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ ይዞ የመጣ መንገደኛ ጉምሩክ ላይ ዕቃው ይያዝበታል። ልጄ ይህን ስለሚያውቅ ድሮኗን ቤቱ አስቀምጧት መጣ። ውጭ አገር ልጅ ያላችሁ ሁሉ ለበዓል ከመምጣታቸው በፊት ይህን ብትነግሯቸው ከብዙ እንግልት ታድኗቸዋላችሁ።

ሌላም ምክንያት ነበረው። በእኛ አካባቢ «ድሮን» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን የሠርግ ቪዲዮ አይደለም። ባለፉት ዓመታት በምዕራብ ኦሮሚያ በነበረው ግጭት ሰው ይህን ቃል የተማረው ከፍርሃት ጋር ነው። በሌሊት ሰማይ ላይ ብልጭ የሚል ነገር ቢታይ ስንት እናት ልጇን አቅፋ ከቤት እንደምትወጣ አስቡት። የልጅ መጫወቻ ይሁን ሌላ ነገር፣ መብራቷ አይናገርም። ልጄ ይህን ለልጁ አስቀምጦ ነግሮታል፤ ልጁም ገብቶታል።

ይሁንና ድሮንን በጅምላ መኮነን አልፈልግም። ከወለደች በኋላ ደም እየፈሰሳት ያለች እናት አጠገብ ቆሞ ደም የጠበቀ የጤና ባለሙያ ያንን ሰዓት አይረሳውም። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ዚፕላይን የተባለ ድርጅት ለገጠር ሐኪም ቤቶች ደም በድሮን ሲያደርስ ቆይቷል። ከሙሃንጋ ተነሥታ የምትበረው ድሮን ደሙን በትንሽ ጃንጥላ አንጠልጥላ ግቢው ውስጥ ጥላላቸው ትመለሳለች። ይህን ስሰማ እኛ በመኪና መንገድ ላይ ያጣናቸውን እናቶች አስቤ ነበር።

ከወፍጮ ቤት የመጣችው ልጅ

ከመጡ በአራተኛው ቀን ነው። ከእኔ ጋር የምትኖረው የሴት ልጄ ልጅ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ፣ ከሰዓት በኋላ ጤፍ ይዛ ወፍጮ ቤት ሄደች። መብራት ጠፋ። ወረፋው ረዘመ። እሷም «ሳላስፈጭ ከተመለስኩ አኮ ትቆጣኛለች» ብላ ጠበቀች።

በእኛ አገር ጀምበር ከጠለቀች ጨለማው አይዘገይም፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ልጁ በዚህ ተገርሞ ነበር። በሚኒሶታ በዚያ ወቅት ጀምበር የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያም በኋላ ብርሃኑ ቀስ እያለ ነው የሚሸሸው። ጉደር ላይ ግን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ በዚያ ላይ ዝናብ ያረገዘ ሰማይ ሲጨመር፣ አስፋልቱና ዳሩ አይለዩም። መንገዱ ደግሞ ከአዲስ አበባ በአምቦ አድርጎ ወደ ነቀምቴ የሚያልፈው ዋና መንገድ ነው። ጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ከብቱና እግረኛው በአንድ ላይ ይጋፉበታል።

እኔና ልጁ ልንፈልጋት ወጣን። አንድ የጭነት መኪና ከበስተጀርባችን መጥቶ አለፈን። መብራቱ ወደፊት ሲወረወር፣ ከእኛ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ፣ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዛ፣ ዱቄት ተሸክማ የምትመጣውን ልጅ ድንገት አየናት። ጥቁር ሰማያዊ የትምህርት ቤት ሹራቧን ለብሳለች። መኪናው ጥሩምባ እየነፋ ጥግ ሳይነካት አለፈ። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ እዚያ መኖሯን አላወቅንም ነበር፤ እኛ የምንፈልጋት ሰዎች እንኳ።

ዱቄቱን ተቀበላትና ዝም ብሎ ሄደ። ቤት ልንገባ ስንል ነው የጠየቀኝ።

«አኮ፣ ለድሮኔ መብራት ካላደረግሁ አባዬ አያስወጣኝም። እሷ ለምን መብራት የላትም?»

መልስ አልነበረኝም።

«አላየሁትም»

ከብዙ ዓመት በፊት፣ በአንድ የገበያ ቀን ማታ ተረኛ ነበርኩ። አንድ ጋሪ ሰው ጭኖ ሲመለስ ከኋላው የመጣ የጭነት መኪና ገጨው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ተሸክሞ እየሮጠ ወደ ጤና ጣቢያችን የገባው ሹፌሩ ራሱ ነበር። ሸሚዙ በደም ርሷል። ልጁን ተቀብለነው ደሙን ለማቆም ስንሯሯጥ እሱ ግድግዳውን ተደግፎ አንዲት ቃል ብቻ ይደጋግም ነበር፤ «አላየሁትም፤ አላየሁትም።»

ልጁን ወደ አምቦ ላክነው። መንገድ ላይ አረፈ።

ያኔ ሹፌሩን በልቤ ረግሜው ነበር። ዛሬ ሳስበው እውነቱን ነው። ጋሪው ከኋላው መብራትም አንጸባራቂም አልነበረውም። ከዚያ በኋላም በሥራ ዘመኔ ሁሉ ይህችን ቃል ከስንት ሹፌር እንደሰማኋት ቆጥሬ አልጨርስም።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እናቶችን ሰብስቤ ስለ ክትባት፣ ስለ ጡት ማጥባት፣ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ አጎበር አስተምሬአለሁ። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለውን አባባል ስንቴ እንዳልኩት! ልጃችሁ ማታ መንገድ ላይ እንዲታይ አድርጉ ብዬ ግን አንዲት እናት አስተምሬ አላውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከአምስት እስከ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ባለው ዕድሜ ደግሞ ከማናቸውም በሽታ በላይ የሚገድለው ይኸው አደጋ ነው። እኔ ልጆችን ከኩፍኝ አድኜ ለአስፋልት ስሰጥ ኖሬአለሁ ማለት ነው።

ሁሉም ሹፌር ዳፍንት አለበት

አዛውንቶች ዳፍንትን ታውቁታላችሁ። ቀን ደህና የሚያይ ልጅ ምሽት ላይ ዕቃ እያደናቀፈው ሲወድቅ «ዳፍንት ይዞታል» እንላለን። መነሻው ብዙ ጊዜ የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። ለሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ ጠብታም ለዚህ ጭምር ነው።

ጤነኛ ዓይን ያለው ሰውም ቢሆን ማታ ጥቂት ዳፍንት አለበት። በዓይናችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሴሎች አሉ። አንደኞቹ በቀን ቀለምንና ጥቃቅን ነገርን ያሳዩናል። ሁለተኞቹ በጨለማ ይሠራሉ፤ ቀለም ግን አይለዩም። እነዚህ ጨለማውን በደንብ ለመልመድ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ይፈልጋሉ፤ ፊት ለፊት የሚመጣ መኪና ረጅም መብራት ካበራባቸው ደግሞ የለመዱትን ይረሳሉ። ዕድሜ ሲጨምር ነገሩ ይብሳል። በስድሳ ዓመት ወደ ዓይናችን ውስጠኛ ክፍል የሚደርሰው ብርሃን የሃያ ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሶ ያህል ነው። የዓይን ሞራ የጀመረው ሰው መብራት ሲበራበት ጭጋግ ውስጥ የገባ ይመስለዋል።

በጨለማ የሚሠሩት ሴሎች አንድ ጥሩ ጠባይ አላቸው፤ የሚለዋወጥንና የሚንቀሳቀስን ነገር ከዓይን ዳር ሆነው ፈጥነው ይይዛሉ። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ያለማቋረጥ ከሚበራው ይልቅ ትኩረት የሚስበው ለዚህ ነው። አውሮፕላን ላይም ያለው እሱ ነው። ቦሌ ልጆቻችንን ሸኝተን ስንመለስ አንጋጥጠን የምናየው ነጭ ብልጭታ ማለቴ ነው። ከእሱ ጋር በግራ ክንፍ ቀይ፣ በቀኝ ክንፍ አረንጓዴ መብራት አለ፤ ሌላው አብራሪ ያንን አይቶ አውሮፕላኑ ወዴት እንደዞረ ይለያል።

አሁን ወደ መንገዳችን እንመለስ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 25 ሜትር አለፈ። ከዚያ ለመቆም በደረቅ አስፋልት ሌላ 20 ሜትር ያህል፣ በእርጥብ አስፋልት ደግሞ ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ጥቁር የለበሰ እግረኛ በአጭር መብራት የሚታየው ግን ቢበዛ ከ50 ሜትር ነው። አንጸባራቂ ያደረገ እግረኛ እስከ 150 ሜትር ድረስ ይታያል። ልጁ ተርፎ ቤቱ መግባቱና አለመግባቱ በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

በሜዳው ላይ ያደረግነው ሙከራ

በማግስቱ ማታ ልጁ «እንሞክረው» አለ። ከአስፋልት ርቀን አንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ወጣን። ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን ባጃጁን አቁሞ የፊት መብራቱን አበራልን፤ እኔ ከአጠገቡ ቆምኩ። የሁለት አገር ልጆች፣ የአክስትና የአጎት ልጆች፣ እየተሳሳቁ ወደ ጨለማው ሄዱ። እኔ እርምጃ እቆጥራለሁ።

ልጅቱ በጥቁር ሰማያዊ ሹራቧ ሠላሳ አምስት እርምጃ ላይ ጠፋችብኝ። ነጠላዬን ስትደርብ እስከ ሰማንያ ድረስ አየኋት። ከመለዋወጫ ሱቅ የገዛነውን፣ መኪኖች ከኋላቸው የሚለጥፉትን አንጸባራቂ ፕላስተር ቦርሳዋ ላይ ስናደርግ ሜዳው እስኪያልቅ ድረስ አልጠፋችም። በመጨረሻ የድሮኗን መብራት ቦርሳዋ ላይ ለጥፎ፣ ባጃጁም መብራቱን አጥፍቶ፣ ከሜዳው ማዶ ዛፎቹ ጋ ቆመች። ብልጭ፣ ጥፍት። ብልጭ፣ ጥፍት። አንድም መብራት ሳይበራባት የት እንዳለች አወቅሁ።

የሁለቱ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። አንጸባራቂ የሚሠራው የመኪና መብራት ሲያርፍበት ብቻ ነው፤ በምላሹ ቻርጅ አይፈልግም፣ አይበላሽም፣ ርካሽ ነው። የምታብለጨልጨው መብራት በራሷ ትታያለች፤ ነገር ግን ቻርጅ ካለቀባት ከድንጋይ አትሻልም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ልጅን በቻርጅ ብቻ ማመን አይቻልም። ስለዚህ መሠረቱ ፕላስተሩ ይሁን፤ መብራቷ ከተገኘች ተጨማሪ ናት።

የባጃጁ ባለቤት ወሬውን ለባለ ጋሪው ጎረቤታችን አደረሰ። እሱም በማግስቱ መጣ። «ሲስተር፣ ለልጅ ሲሆን ለፈረሴስ?» አለኝ። ከጋሪው ኋላ የተሰቀለ አሮጌ ሲዲ ነበረው። ሲዲ ከምንም ይሻላል፤ ግን እንደ መስታወት ነው፤ ብርሃኑን ወዳዘነበለበት ይወረውረዋል እንጂ ወደ ሹፌሩ አይመልስለትም። ፕላስተሩ ግን የመጣውን ብርሃን ወደ መጣበት የሚመልስ ሆኖ የተሠራ ነው። ከጋሪው ኋላ ግራና ቀኝ ቀይ፣ በጎንና በጎን ነጭ ለጠፍንለት።

ኋላ ልጄ ሲነግረኝ፣ በዓለም ዙሪያ ልጆች ካፖርታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት አንጸባራቂ የመጣው ለካ ከጋሪ ነው። አርቪ ሌህቲ የተባለ የፊንላንድ ገበሬ በመጀመሪያ የሠራው ለፈረስ ጋሪዎቹ ነበር። ከዚያ ወደ ሰው ተሸጋገረ። ዛሬ የፊንላንድ ሕግ በጨለማ የሚሄድ እግረኛ አንጸባራቂ እንዲያደርግ ይጠይቃል። ክረምታቸው ጨለማ ስለሆነ ነው ትሉኝ ይሆናል። የእኛስ ሌሊት ከዓመት እስከ ዓመት አሥራ ሁለት ሰዓት አይደለምን?

እንዴት እናድርገው?

ከቤቴ ልምድ ልንገራችሁ።

ፕላስተሩን የጣት እርዝመት ባላቸው ቁርጥራጮች ቆርጣችሁ በቦርሳው ጀርባ፣ በሁለቱ ማንገቻዎችና በጫማው ተረከዝ ላይ አድርጉ። እግር ስለሚንቀሳቀስ ሹፌሩ ሰው መሆኑን ቶሎ ይለያል። በሙጫው ብቻ አትመኑ፤ ዙሪያውን ስፉት፤ ሲቆሽሽም በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ብልጭ የሚል መብራት ካላችሁ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ ይሁን። ቀይና ሰማያዊ እያፈራረቀ የሚያበራውን ተዉት፤ የፖሊስና የአምቡላንስ ነው። በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ብልጭ ማለቱ ይበቃል፤ የአውሮፕላኑም በደቂቃ ከ40 እስከ 100 ጊዜ ነው። ፈረስ ወይም በቅሎ ራስ ላይ አታድርጉ፤ እንስሳው ይደነግጣል። ጋሪው ላይ ይሁን፤ መጀመሪያ ቆማችሁ አለማምዱት።

ልጁ መኪና ፊት ለፊቱ እንዲመጣ የመንገዱን ግራ ይዞ ይሂድ። መብራት ማድረጉንም ፈቃድ አድርጎ እንዳይወስደው ንገሩት። የልጅ ልጄ ይህን ከአባቱ ተምሮታል፤ ድሮኗ መብራት ስላላት ብቻ ከዓይኑ አርቆ አያበራትም። የታየ ሁሉ አይተርፍም፤ ልጁ ራሱም መኪናውን ማየት አለበት።

ከነርስነቴ የማልተወው ምክር

ብልጭ የሚሉ መጫወቻዎች፣ ጫማዎችና ርካሽ መብራቶች ብዙዎቹ የሚሠሩት የሰዓት ባትሪ በምንላት ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ ነው። ሕፃን ከዋጣት ጉሮሮው ላይ ተጣብቃ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች። ክዳኑ በብሎን የማይዘጋ ዕቃ ለሕፃን አትስጡ። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አታስመልሱት፤ ኤክስሬይ ወዳለበት ሐኪም ቤት ወዲያውኑ ሩጡ። ከዋጠ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልሞላው፣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነና መዋጥ ከቻለ፣ በመንገድ ላይ በየአሥር ደቂቃው ሁለት ሻይ ማንኪያ ማር፣ እስከ ስድስት ጊዜ ድረስ፣ መስጠት ጉዳቱን ያዘገያል። ማር ፍለጋ ብላችሁ ግን አትዘግዩ። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም።

ቻርጅ የሚደረገውን መብራት ትራስ ሥር ወይም አልጋ ላይ ቻርጅ አታድርጉ። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ አውጡትና ከቤት አርቁት።

የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች ጥቂቶቹ በፍጥነት በሚርገበገብ ብርሃን ሕመሙ ይነሣባቸዋል። በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ የሚርገበገበውን መብራት ከእነርሱ አርቁ። ለሁሉም ልጅ ቢሆን መብራቷን በቅርብ ወደ ዓይን ማብራት ጨዋታ አይደለም፤ እኔ በመጀመሪያው ቀን ቀምሼዋለሁ።

አራቱ መብራቶች

ልጆቹ ነሐሴ ላይ ሲመለሱ የልጅ ልጄ መብራቶቹን ትቷቸው ሄደ። «እኔ እዚያ ሌላ እገዛለሁ» አለኝ። አንዷ የልጅቱ ቦርሳ ላይ ናት፤ አንዷ የጋሪው ኋላ ላይ። አንዷን ከብት ለሚጠብቀው የጎረቤት ልጅ ሰጠነው፤ በሳምንቱ ጣላት። አራተኛዋ ቻርጅ መቀበል አቁማለች።

ፕላስተሩ ግን ዛሬም አለ። ከአንድ ጥቅልል ለሰፈራችን ልጆች ቦርሳ ሁሉ ቆርጠን ተረፈን። ባለፈው ሳምንት ሁለት እናቶች ከሌላ ቀበሌ መጥተው «ያ የምታብለጨልጭ ቦርሳ የት ነው የሚሸጠው?» ብለው ጠየቁኝ። መቀስና መርፌ ሰጠኋቸውና ሲሰፉ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጤና ጣቢያ ሳለሁ ሳላስተምረው የቀረሁትን ትምህርት ያኔ ጀመርኩት።

ዛሬ ማታ የልጃችሁን ቦርሳ አንሱና በሩ ላይ ስቀሉት። መብራት አጥፍታችሁ ከግቢው ጫፍ በስልካችሁ ባትሪ አብሩበት። ካልታያችሁ፣ ሹፌሩም አያየውም።